ጉልበት ሲጠየቅ፦ የኦስቲዮአርትራይተስን ጫና በሕሙማን መጠይቅ ስለ መለካት

ኦስቲዮአርትራይተስ በሞት መዝገብ ላይ ስሙ እምብዛም አይነሣም። የጉልበትን፣ የዳሌን፣ የእጅ ጣቶችንና የአከርካሪን መገጣጠሚያዎች ልም አጥንት ቀስ በቀስ እየሸረሸረ፣ ከሥሩ ያለውን አጥንት እያደነደነ፣ በመገጣጠሚያው ዳርቻ ጉጥ እያበቀለ ከታማሚው ጋር አሥርና ሃያ ዓመት ይኖራል። ስለዚህ ጉዳቱን በሟቾች ቁጥር መመዘን አይቻልም። ሰዎች ከበሽታው ጋር እንዴት እንደሚኖሩ መጠየቅ ግድ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2023 በላንሴት ሩማቶሎጂ መጽሔት የወጣው የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት፣ በ2020 በዓለም ላይ 595 ሚሊዮን ሰዎች፣ ማለትም ከሕዝቡ 7.6 በመቶ ያህሉ፣ ኦስቲዮአርትራይተስ እንደ ነበረባቸው ገምቷል። ከ1990 ወዲህ ቁጥሩ በ132 በመቶ አድጓል፤ በ2050 ደግሞ ወደ አንድ ቢሊዮን እንደሚጠጋ ተተንብዮአል። የሕዝብ ብዛት፣ የዕድሜ መርዘምና የሰውነት ክብደት መጨመር ዋነኞቹ ምክንያቶች ናቸው። ይህ ግን የሕሙማኑ ብዛት ብቻ ነው። እያንዳንዱ ታማሚ ምን ያህል ተጎድቷል ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው ታማሚው ራሱ ከሚሞላው፣ ወይም እየተነበበለት ከሚመልሰው መጠይቅ ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ እንዲህ ነው። የሕሙማን መጠይቅ ለዚህ በሽታ ያለን ከሁሉ የተሻለ መለኪያ ነው፤ ነገር ግን የሚለካው የጠየቀውን ብቻ ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራባቸው መጠይቆች የተጻፉት ወንበር ላይ ለሚቀመጥ፣ ደረጃ ለሚወጣ፣ ካልሲ ለሚያጠልቅና ገንዳ ውስጥ ለሚታጠብ ሰው ነው። ቁጢጥ ብሎ የሚሠራ፣ ከበርጩማ የሚነሣ፣ ተንበርክኮ የሚሰግድና ሸክም ይዞ ዳገት የሚወጣ ሰው በእነዚህ መጠይቆች ሲለካ ሕመሙ ካለው አንሶ ይመዘገባል። ያነሰው ነጥብ ደግሞ በአገር የበሽታ ጫና ስሌት ውስጥ ገብቶ በጀትና ባለሙያ የሚመደብበት ቁጥር ይሆናል።

ራጁና ሕመሙ

ከመጠይቁ በፊት ራጅ ነበረ። ኬልግረንና ሎውረንስ እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጡት ደረጃ አሰጣጥ የመገጣጠሚያን የራጅ ምስል ከ0 እስከ 4 ይመድባል፤ ዛሬም በየሆስፒታሉና በየጥናቱ ይሠራበታል። ችግሩ የሚመጣው ምስሉን ከታማሚው ቃል ጋር ስናስተያይ ነው። ቤድሰንና ክሮፍት በ2008 ያሳተሙት የጥናቶች ግምገማ ይህን በግልጽ አሳይቷል፦ ጉልበታቸውን ከሚያማቸው ሰዎች መካከል በራጅ ኦስቲዮአርትራይተስ የታየባቸው እንደየጥናቱ ከ15 እስከ 76 በመቶ ነበሩ። በራጅ በሽታው ከታየባቸው መካከል ደግሞ ሕመም አለን ያሉት ከ15 እስከ 81 በመቶ ነበሩ። በዚህ ስፋት ላይ ተመሥርቶ የአንድን ሰው ሥቃይ ከፎቶው መገመት አይቻልም።

ከዚህ ተነሥቶ ራጅ ዋጋ የለውም ማለት ግን ስሕተት ነው። ኒዮጊና ባልደረቦቿ በ2009 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጥናት ጥያቄውን በብልሃት አዙሮ ጠየቀ። አንድ ጉልበቱ የሚያመው፣ ሌላው ግን ደህና የሆነ ሰው ይወሰድና ሁለቱ ጉልበቶቹ እርስ በርሳቸው ይነጻጸሩ። የሰውየው ዕድሜ፣ ክብደት፣ ስሜት፣ የሥራ ሁኔታና ሕመምን የመቻል ልማዱ ለሁለቱም ጉልበቶች አንድ ነው። በዚህ መንገድ ሲታይ በራጅ የባሰ ጉዳት ያለበት ጉልበት የሚያመው ሆኖ የመገኘቱ ዕድል በጣም ከፍ አለ። ስለዚህ የመገጣጠሚያው ጉዳት ሕመሙን ያመጣል፤ ሕመሙ ወደ ሰው ቃል ሲለወጥ ግን ብዙ ነገር ይጨመርበታል። ፍሬድሪክ ዎልፍ በ1999 እንዳሳየው የጀርባ ሕመም፣ ድካምና ድባቴ ያለበት ሰው ስለ ጉልበቱ ሲጠየቅም ከፍ ያለ ነጥብ ይሰጣል። ይህን አንዳንዶች የመጠይቁ ጉድለት አድርገው ይጽፉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። እንቅልፍ ያጣች፣ ጀርባዋም የሚያማት ሴት የጉልበቷ ሕመም በእርግጥ ይከብዳታል፤ መለኪያው የያዘው ይህንኑ እውነት ነው። ጥፋቱ ነጥቡን የመገጣጠሚያው ብቻ አድርጎ በሚያነበው ሰው ላይ ነው።

ሃያ አራቱ ጥያቄዎች

ለዳሌና ለጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ በብዛት የሚሠራበት መጠይቅ ዎማክ ይባላል። ስሙን ያገኘው በካናዳ ካሉት የዌስተርን ኦንታሪዮና የማክማስተር ዩኒቨርሲቲዎች ነው፤ ኒኮላስ ቤላሚና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ አዘጋጅተው በ1988 አሳተሙት። ከዚያ ወዲህ ከ100 በላይ በሆኑ የቋንቋ ቅጂዎች ተሰራጭቷል። 24 ጥያቄዎች አሉት፤ 5ቱ ስለ ሕመም፣ 2ቱ ስለ መገጣጠሚያ መገተር፣ 17ቱ ስለ ዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ናቸው። ታማሚው ያለፉትን 48 ሰዓታት እያሰበ ለእያንዳንዱ «ምንም»፣ «ጥቂት»፣ «መካከለኛ»፣ «ከባድ» ወይም «እጅግ ከባድ» ብሎ ይመልሳል፤ መልሶቹ ከ0 እስከ 4 ይቆጠራሉ። ሕመም ከ20፣ መገተር ከ8፣ እንቅስቃሴ ከ68፣ በድምሩ ከ96 ይያዛል።

ድምሩን ብቻ የሚዘግቡ ጥናቶች ብዙ ናቸው። ከ96ቱ ነጥብ 68ቱ የእንቅስቃሴ በመሆኑ ግን ድምሩ በአብዛኛው የሚናገረው ስለ እንቅስቃሴ ነው። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ሕመም በድምሩ ውስጥ ከ96 አራት ነጥብ ብቻ ይይዛል፤ ካልሲ ማጥለቅና ካልሲ ማውለቅ ግን በሁለት ጥያቄ ስምንት ነጥብ አላቸው። ሦስቱን ክፍሎች ለየብቻ መዘገብ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እንመልከት። የሕመም ጥያቄዎቹ በሜዳ ላይ ሲሄዱ፣ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ፣ ሌሊት በመኝታ ላይ፣ ሲቀመጡ ወይም ሲተኙ፣ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ያለውን ይጠይቃሉ። የእንቅስቃሴ ጥያቄዎቹ ደግሞ ደረጃ መውረድ፣ ደረጃ መውጣት፣ ከመቀመጫ መነሣት፣ መቆም፣ ወደ ወለል መጎንበስ፣ በሜዳ መሄድ፣ መኪና ውስጥ መግባትና መውጣት፣ ገበያ መሄድ፣ ካልሲ ማጥለቅ፣ ከአልጋ መነሣት፣ ካልሲ ማውለቅ፣ አልጋ ላይ መተኛት፣ ገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ መግባትና መውጣት፣ መቀመጥ፣ ሽንት ቤት መቀመጫ ላይ መቀመጥና መነሣት፣ ከባድ የቤት ሥራና ቀላል የቤት ሥራ ናቸው።

አንዲት የ60 ዓመት ባላገር ሴት እናስብ። ቤቷ ደረጃ የለውም፤ ካልሲ አታደርግም፤ በገንዳ አትታጠብም፤ በመኪና የምትሄደው አልፎ አልፎ ነው። ከ17ቱ የእንቅስቃሴ ጥያቄዎች ስድስቱ፣ ማለትም የደረጃዎቹ ሁለት፣ የካልሲዎቹ ሁለት፣ የገንዳውና የመኪናው፣ እርሷን አይመለከቱም። ጠያቂው «ችግር የለም» ብሎ ዜሮ ከሞላላት ከ68ቱ ነጥብ 24ቱ ከመጀመሪያው ተዘግተውባታል፤ በቀሩት 11 ጥያቄዎች ሁሉ «እጅግ ከባድ» ብትል እንኳ ከ44 አታልፍም። ጠያቂው ስድስቱን ባዶ ቢተዋቸው ደግሞ የባሰ ነው። በመጠይቁ መመሪያ መሠረት ከእንቅስቃሴ ጥያቄዎች አራትና ከዚያ በላይ ካልተመለሱ ክፍሉ አይቆጠርም። የእርሷ ወረቀት ከጥናቱ ይወጣል ማለት ነው።

ይኸው ነገር በሕመም ክፍሉም አለ። በሜዳ ስትሄድ መካከለኛ (2)፣ ሌሊት ጥቂት (1)፣ ስትቀመጥ ምንም (0)፣ ስትቆም መካከለኛ (2) አለች እንበል። ስለ ደረጃ ስትጠየቅ ደረጃ የላትምና ዜሮ ተጻፈላት። ድምሩ 5 ነው። ጠያቂዋ «ዳገት ሲወጡና ቁልቁለት ሲወርዱስ?» ብላት ኖሮ «ከባድ» ባለችና ድምሩ 8 በሆነ ነበር። በ5ና በ8 መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ምን እንደሚያስከትል በኋላ እናየዋለን።

ነጥብ ሲቀነስ ምን ማለት ነው

መጠይቅ አንድ ጊዜ ተሞልቶ አይቀርም። ከሕክምና በፊትና በኋላ ተሞልቶ ልዩነቱ ይታያል። ታዲያ ስንት ነጥብ ሲቀንስ ነው ታማሚው «ተሻለኝ» የሚለው? ፍሎሬንስ ቱባክና ባልደረቦቿ በፈረንሳይ ሕሙማን ላይ አጥንተው በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ለጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ በ100 ሚሊ ሜትር የሕመም መስመር ላይ ወደ 20 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ መቀነስ፣ በዎማክ የእንቅስቃሴ ክፍል ደግሞ ነጥቡ ከ100 ሲሰላ የ9 ነጥብ ያህል መቀነስ ታማሚው መሻሻል ብሎ የሚቀበለው ትንሹ ለውጥ መሆኑን አግኝተዋል። ከዚያ የበለጠ የሚጠቅመኝ ግን ሁለተኛው ግኝታቸው ነው፦ ሕመሙ ሲጀምር ከባድ የነበረበት ሰው ተሻለኝ ለማለት ከሌሎቹ የሰፋ ለውጥ ይፈልጋል። ለሁሉም ታማሚ አንድ ቁጥር ማውጣት፣ ብዙ የመድኃኒት ጥናቶች እንደሚያደርጉት፣ የባሰባቸውን ይበድላል።

እዚያው ጥናት ላይ ሌላም ጥያቄ ተነሥቷል፤ ተሻለኝ ማለትና ደህና ነኝ ማለት አንድ አይደሉም። ታማሚዎቹ «በዚህ ሁኔታ መኖር እችላለሁ» ያሉት ሕመማቸው በ100 ሚሊ ሜትሩ መስመር ወደ 32 አካባቢ ሲወርድ ነበር። ከ80 ወደ 55 የወረደ ሰው ተሻሽሏል፤ ኑሮው ግን ገና አልቀለለም።

ሕመምና እንቅስቃሴ በመጠይቅ ላይ እርስ በርስ ይደባለቃሉ። ስትራትፎርድና ኬኔዲ በካናዳ የመገጣጠሚያ ቅየራ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎችን ተከታትለው፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት የመራመድና ደረጃ የመውጣት ፍጥነታቸው በግልጽ ወርዶ ሳለ በመጠይቁ ላይ የሰጡት ነጥብ ያንን ማሽቆልቆል በልኩ እንዳላሳየ አረጋግጠዋል። ሕመሙ ቀልሎላቸዋልና «መሄድ ይቸግርዎታል?» ሲባሉ የሚመልሱት ስለ ሕመሙ ነው። በዚህ ምክንያት የዓለም አቀፉ የኦስቲዮአርትራይተስ ምርምር ማኅበር በ2013 አምስት የተግባር ፈተናዎች ከመጠይቁ ጎን እንዲሄዱ መክሯል፤ ከእነርሱም በ30 ሰከንድ ውስጥ ከወንበር ስንት ጊዜ መነሣት እንደሚቻል መቁጠርና 40 ሜትር በፍጥነት መራመድ ይገኙበታል። ለእነዚህ ለሁለቱ የሚያስፈልገው ወንበር፣ ሜትርና ሰዓት ብቻ ነው፤ በማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊሠሩ ይችላሉ።

የሕመሙ ዓይነትም ጉዳይ ነው። ጂሊያን ሆከር ከሕሙማን ጋር ባደረገችው ውይይት ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ተገለጹ፦ ቀኑን ሙሉ የማይለቅ ድብን ያለ ሕመምና ሳይታሰብ መጥቶ የሚሄድ ኃይለኛ ውጋት። ሕሙማኑን ከቤት እንዳይወጡ የሚያደርጋቸው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው፤ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅምና። በ2008 የወጣው ባለ 11 ጥያቄ መጠይቅ ሁለቱን ለያይቶ ይጠይቃል። ዎማክ ይህን አይለይም።

ነጥቡ ወደ አገር ቁጥር ሲሄድ

የበሽታ ጫና ጥናቱ ኦስቲዮአርትራይተስን በሦስት የክብደት ደረጃ ይከፍላል፤ ለመክፈል የተጠቀመበትም የዎማክ የሕመም ነጥብ ነው። ከ0 እስከ 5 ቀላል፣ ከ6 እስከ 13 መካከለኛ፣ ከ14 እስከ 20 ከባድ ይባላል። ለእያንዳንዱ ደረጃ የጉዳት ክብደት ተሰጥቶታል፦ ለቀላሉ 0.023፣ ለመካከለኛው 0.079፣ ለከባዱ 0.165። አንድ ሰው በደረጃው ለአንድ ዓመት ሲኖር ያ ክብደት በጉዳት የተኖረ ዓመት ሆኖ ይቆጠራል። ሞት ስለሌለበት የበሽታው ጫና በሙሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ማባዛት ይወጣል።

አሁን ወደ ባላገሯ ሴት እንመለስ። 5 ነጥብ ያላት «ቀላል» ናት፤ 8 ነጥብ ያላት «መካከለኛ»። እርሷን የመሰሉ 100 ሴቶች ለአንድ ዓመት ቢቆጠሩ በመጀመሪያው መንገድ 2.3 ዓመት፣ በሁለተኛው 7.9 ዓመት የጉዳት ጫና ይመዘገባል። አንድ ጥያቄ ደረጃ ብሎ በመጠየቁ፣ ዳገት ብሎ ባለመጠየቁ፣ ከጫናው ከሦስት እጅ ከሁለት እጁ የሚበልጠው ከመዝገብ ጠፋ። እንዲህ ዓይነቱ ስሕተት የናሙናን መጠን በማብዛት አይታረምም። አሥር ሺህ ሴቶችን በዚያው ጥያቄ ብንጠይቅ የምናገኘው ያንኑ የተሳሳተ መልስ በበለጠ እርግጠኝነት ነው።

የክብደት ቁጥሮቹ ራሳቸው ከየት መጡ ለሚል፦ ለ2010ሩ ስሌት በባንግላዴሽ፣ በኢንዶኔዥያ፣ በፔሩ፣ በታንዛኒያና በአሜሪካ የሚኖሩ ተራ ሰዎች፣ እንዲሁም በበይነ መረብ የተሳተፉ ሌሎች፣ ሁለት ሁለት የጤና ሁኔታ እየተነበበላቸው የትኛው ሰው ይበልጥ ጤነኛ ነው ተብለው ተጠይቀዋል። ሥራው በብዙ አገር የተሠራ በመሆኑ ይመሰገናል። የክብደቱ ቁጥር ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ግን ታማሚዋ በተሳሳተ ደረጃ ውስጥ ከገባች አያድናትም።

ቁጢጥ ማለት «ስፖርት» ሲሆን

ከዎማክ ቀጥሎ በብዛት የሚሠራበት ኩስ የተባለው የጉልበት መጠይቅ ነው። ኤቫ ሩስና ባልደረቦቿ በ1998 አሳተሙት፤ ለመጠቀም ክፍያ አይጠየቅበትም። 42 ጥያቄዎች በአምስት ክፍል ተከፍለውበታል፦ ሕመም 9፣ ሌሎች ምልክቶች 7፣ የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ 17፣ ስፖርትና መዝናኛ 5፣ የኑሮ ጥራት 4። ነጥቡ ከ0 እስከ 100 ሲሆን እንደ ዎማክ ሳይሆን 100 ጤነኛ ነው፤ ሁለቱን እያፈራረቁ የሚያነቡ ሰዎች ልብ ሊሉት ይገባል። የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ክፍሉ 17ቱን የዎማክ ጥያቄዎች እንዳሉ ይዟል። ጅማታቸው ለተጎዳ ወጣቶች እንዲሆን ታስቦ የተጨመረው «ስፖርትና መዝናኛ» የሚለው ክፍል አምስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ቁጢጥ ማለት፣ መሮጥ፣ መዝለል፣ በተጎዳው ጉልበት ላይ መዞርና መንበርከክ።

ይህ ምደባ ለስዊድን ወጣት ኳስ ተጫዋች ትክክል ነው። በኢትዮጵያ ግን ቁጢጥ ማለት የጉድጓድ ሽንት ቤት መጠቀም ነው፤ እሳት ማቀጣጠል፣ ልብስ በሳፋ ማጠብ፣ ሽንኩርት መላጥ፣ ማሳ ማረም ነው። መንበርከክ ደግሞ ጸሎት ነው። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዘንድ በዐቢይ ጾም፣ ይልቁንም በሰሙነ ሕማማት፣ ስግደቱ ይበዛል። ሙስሊም ወገኖቻችን በየቀኑ አምስት ጊዜ ይሰግዳሉ፤ በእያንዳንዱ ሶላት ውስጥ ጉልበት ደጋግሞ ይታጠፋል፣ ግንባርም መሬት ይነካል። ታማሚዎች «ከምንም በላይ የከፋኝ ስግደት መተዌ ነው» ሲሉ ይሰማል፤ ይህ ማጣት በመጠይቁ ውስጥ ቦታ ቢያገኝ «መዝናኛ» በሚለው ርእስ ሥር ይሆናል። ይባስ ብሎ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ የሚሠሩ ጥናቶች ስፖርት አይመለከታቸውም በማለት ያንን ክፍል ይዘሉታል። ጉልበት ከሁሉ በላይ የሚፈተንባቸው ሁለቱ አቀማመጦች በዚህ መንገድ ከጥያቄ ይወጣሉ።

በ1998 የወጣው የኦክስፎርድ የጉልበት መጠይቅ በዚህ ረገድ ይሻላል። ከ12ቱ ጥያቄዎቹ አንዱ ያለፉትን አራት ሳምንታት እያሰቡ ተንበርክኮ መነሣት ይቻል እንደ ሆነ ይጠይቃል። አጭር ነው፣ ከ48 ይቆጠራል፣ በእንግሊዝ የብሔራዊ ጤና አገልግሎትም ከሚያዝያ 2009 ጀምሮ የጉልበት ቅየራ የሚያደርጉ ሕሙማን ሁሉ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና ከስድስት ወር በኋላ እንዲሞሉት ይጋበዛሉ። ያ መርሐ ግብር ሆስፒታሎችን በታማሚው አንደበት መመዘን እንደሚቻል ለዓለም አሳይቷል። መንበርከክ ግን እዚያም ከ48 አራት ነጥብ ነው።

አቀማመጥ ሕመምን ብቻ ሳይሆን በሽታውንም እንደሚነካ የቤጂንግ ጥናት ያመለክታል። በ2001 የወጣው ሪፖርት እንደሚለው በራጅ የሚታይ የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ በቤጂንግ አረጋውያን ሴቶች ላይ በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከሚኖሩት ነጭ ሴቶች ይልቅ በዝቶ ተገኝቷል፤ ቻይናውያኑ ሴቶች ግን ቀጠን ያሉ ነበሩ። በ2004 ደግሞ በወጣትነታቸው በቀን ረጅም ሰዓት ቁጢጥ ይሉ የነበሩት በበሽታው ይበልጥ መያዛቸው ታየ። የዳሌው ኦስቲዮአርትራይተስ በአንጻሩ በቻይና በጣም አነስተኛ ነው። እንግዲህ የኑሮ ልማድ የተለየ በሆነበት ሁሉ መለኪያው አብሮ መፈተሽ አለበት።

ሕንዳውያን ይህን ቀድመው አድርገውታል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ኅብረት በ1981 የጀመሩት ኮፕኮርድ የተባለው የኅብረተሰብ ጥናት መርሐ ግብር በሕንድ ሲሠራ፣ በፑኔ ከተማ አርቪንድ ቾፕራና ባልደረቦቹ ዎማክን ለሕንዳዊ ኑሮ አሻሽለው ቁጢጥ ማለትንና መሬት ላይ እግር አጣጥፎ መቀመጥን ጨመሩበት። ለእኛም መንገዱ ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

የሚጠይቀው ማን ነው

ዎማክም ሆነ ኩስ የተዘጋጁት ታማሚው ለብቻው ተቀምጦ እንዲሞላቸው ነው። ማንበብ የማይችል አረጋዊ ባለበት ሁኔታ ግን አንባቢ ያስፈልጋል፤ አንባቢ ሲገባ መልሱም ይለወጣል። አንዲት እናት «ባለፉት ሁለት ቀናት ሌሊት ሕመሙ እንዴት ነበር?» ብትባል መልሷ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይጀምራል። ይህ ምስጋና እንጂ የሕመም ደረጃ አይደለም፤ ያልሠለጠነ ጠያቂ ግን «ጥቂት» ላይ ምልክት አድርጎ ያልፋል። ምስጋናውን በአክብሮት ተቀብሎ «እንግዲያውስ እማማ፣ ትናንት ሌሊት ሕመሙ ከእንቅልፍ ቀስቅሶዎታል?» ብሎ ሲጠይቅ ሌላ መልስ ይመጣል። ጠያቂው ያከማት ሐኪም ከሆነ ደግሞ ተሻለኝ ማለት ማመስገኛ ይሆንባታል። ስለዚህ ጠያቂው ከሕክምናው ውጭ የሆነ ሰው ይሁን፤ ጥያቄውም በተጻፈለት ቃል ይነበብ እንጂ በየጊዜው አይብራራ።

የ100 ሚሊ ሜትር መስመርም ራሱን የቻለ ችግር ነው። መስመር ላይ ነጥብ አድርጎ ሕመምን ማመልከት ትምህርት ቤት የተለመደ ሥራ ነው፤ እርሳስ ይዞ ለማያውቅ ሰው አምስቱ የቃል ደረጃዎች ይሻላሉ። በሚሠሩት ሥራ ወቅታዊነት ምክንያትም 48 ሰዓት ለገበሬ አጭር ጊዜ ነው፤ በአጨዳ ሰሞን የተጠየቀና በክረምት ቤት ውስጥ ሳለ የተጠየቀ ሰው አንድ ዓይነት ጉልበት ይዞ ሁለት ዓይነት ነጥብ ይሰጣል። መጠይቁ የተሞላበት ወር ሁልጊዜ መመዝገብ አለበት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን መሸሽ ነው። ታማሚ የሚያመውን ነገር ይተዋል። ገበያ መሄድ ትታ ልጇን የምትልክ ሴት «ገበያ ሲሄዱ ይቸግርዎታል?» ስትባል «ኧረ አልሄድም» ትላለች፤ ወረቀቱ ላይ ዜሮ ይጻፋል። ሥራውን ትቶ የቀረ ሰው ጤነኛ መስሎ ይመዘገባል ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ «በዚህ ምክንያት መሥራት አቁመዋል?» የሚል አማራጭ ከሌለ የባሰባቸው ሰዎች ዝቅ ያለ ነጥብ ይዘው ይገኛሉ። በአሜሪካና በእስራኤል ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ አረጋውያንም ይህ ይደርስባቸዋል፤ ብዙ ጊዜ አስተርጓሚው ልጅ ነው፣ እናትም ሆነ አባት በልጃቸው ፊት ሽንት ቤት መቀመጥ ተስኖኛል ማለት ይከብዳቸዋል።

ምን ይደረግ

አዲስ የኢትዮጵያ መጠይቅ ከባዶ መጻፍ አያስፈልግም፤ ከሌላው ዓለም ጋር መነጻጸር እንዳንችል ያደርገናል። ነባሩን በሥርዓት ማላመድ ይሻላል። ቢተንና ባልደረቦቿ በ2000 ያወጡት መመሪያ ሂደቱን አስቀምጦታል፦ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተረጉማሉ፣ ትርጉሞቹ ይዋሐዳሉ፣ ሌሎች ሁለት ሰዎች ወደ ምንጩ ቋንቋ ይመልሱታል፣ የባለሙያዎች ጉባኤ ያየዋል፣ ከ30 እስከ 40 በሚሆኑ ሕሙማን ላይ ይሞከራል። መመሪያው ባህላዊ አቻ ለሌለው ጥያቄ አቻ ተግባር መተካትን ይፈቅዳል። ደረጃ ለሌለው «ዳገትና ቁልቁለት»፣ ለገንዳ «ጎንበስ ብሎ ወይም በርጩማ ላይ ገላ መታጠብ»፣ ለመኪና «ሚኒባስ ታክሲ ላይ መውጣትና መውረድ» ሊተኩ ይችላሉ። የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ግን አሳንሰር በሌለው ሕንፃ እስከ አራተኛ ፎቅ ይወጣል፤ ለእርሱ የደረጃው ጥያቄ እንዳለ ይቆይ። ለከተማና ለገጠር አንድ ቅጂ ይበቃል ብሎ መነሣት አይገባም።

ከነባሮቹ 24 ጥያቄዎች ሌላ አጭር የተጨማሪ ክፍል ይጨመር፤ ነጥቡም ለብቻው ይያዝ። ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ ተንበርክኮ መስገድ፣ ከበርጩማ መነሣት፣ ውኃ ወይም እንጨት ተሸክሞ ዳገት መውጣት፣ በቅዳሴ ወይም በለቅሶ ቤት ረጅም ሰዓት መቆም ሊጠየቁበት ይገባል። በመቋሚያ ተደግፎ የሚቆም ካህን የመቆም አቅሙ ሳይጠየቅ የበሽታው ጫና ተለካ ማለት አይቻልም። ነባሩ ክፍል ከሌላው ዓለም ጋር ያነጻጽረናል፤ ተጨማሪው ክፍል የእኛን እውነት ይነግረናል።

እንዲህ ያለ ሥራ በኢትዮጵያ የሚቻል መሆኑን የሚያሳይ አንድ ምሳሌ አለን። ኢኪው-5ዲ የተባለው አጠቃላይ የጤና መጠይቅ አምስት ነገሮችን ማለትም መንቀሳቀስን፣ ራስን መንከባከብን፣ የተለመደ ሥራን፣ ሕመምንና ጭንቀትን ይጠይቃል። ከ1,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ፊት ለፊት ተጠይቀው በ2020 ለእያንዳንዱ የጤና ሁኔታ የኢትዮጵያውያን የራሳቸው የዋጋ ሠንጠረዥ ታትሟል። በዚህ መጠይቅ የተለካ የጉልበት ታማሚ የሌላ አገር ሰው ዋጋ ሳይሰጠው በወገኖቹ ሚዛን ሊመዘን ይችላል ማለት ነው።

የቀረው ሥራ የኦርቶፔዲክስ፣ የፊዚዮቴራፒ፣ የኅብረተሰብ ጤናና የቋንቋ ባለሙያዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ይህን ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎቻቸው የምርምር ርእስ አድርገው ይስጡ። የጥናት ገንዘብ የሚፈቅዱ አካላት የተላመደ መጠይቅ ያልተጠቀመ የጉልበት ጥናት ሲቀርብላቸው ምክንያቱን ይጠይቁ። በሕክምና ላይ ያላችሁ ባልደረቦች ደግሞ መጠይቁ እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ነገ ለሚመጣው የጉልበት ታማሚ ራጁን ከማየታችሁ በፊት «ቁጢጥ ብለው መነሣት ይችላሉ? መስገድስ? በጉልበትዎ ምክንያት የተዉት ሥራ አለ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በካርዱ ላይ ጻፉት።